ዘይት በሊታዎቹ ባክቴሪያዎችና የቂርቆስ አፈር

የዛሬው ዝግጅታችን ዘይት ስለሚበሉ ባክቴሪያዎችና እነሱ ስለሚሠሩት ሳሙና መሰል ንጥረ ነገር ነው። በዓለም ስለ እነዚህ ባክቴሪያዎች ብዙ የባሕር ጥናት ተጽፏል። እኛ ግን ነገሩን የምናየው ከአዲስ አበባው የቂርቆስ ክፍለ ከተማ ተነሥተን ነው፤ ከካዛንቺስ፣ ከለገሃር፣ ከመሿለኪያ፣ ከሪቼና ከበቅሎ ቤት። በእነዚህ ሰፈሮች ጋራዥ፣ ላቫጆና ጎሚስታ ከመኖሪያ ቤት ጋር ግድግዳ ተጋርተው ለረጅም ዘመን ሠርተዋል። ከሞተር የሚወርደው የተቃጠለ ዘይት፣ ዕቃ የታጠበበት ናፍጣ፣ ከካምቢዮና ከፍሬን የሚንጠባጠበው ሁሉ አንድ ቦታ ላይ ሲፈስ ሲፈስ አፈሩ ይጠቁራል፣ ውሃ አላስገባም ይላል፣ ሣርም አይበቅልበትም። በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ደግሞ ካዛንቺስ በከተማዋ የኮሪደር ልማት ፈርሶ እንደ አዲስ መሠራት ጀመረ። አሮጌ ሰፈር ሲነሣ ቆርቆሮው፣ እንጨቱና ድንጋዩ ይጓዛል፤ አፈር ውስጥ የሰረገ ዘይት ካለ ግን እዚያው ይቀራል፣ አለዚያም ከተቆፈረው አፈር ጋር በገልባጭ መኪና ተጭኖ ወደ ሌላ ቦታ ይሄዳል። ይህን ዘይት ማን ያጠፋዋል? መልሱ ያለው እዚያው አፈር ውስጥ ነው ብዬ እከራከራለሁ። ባክቴሪያዎቹ አሉ፤ የጎደላቸው አየርና ምግብ ነው፤ እኛ ደግሞ ሳናውቀው ሁለቱንም እየነሣናቸው ነው።

ማስረጃውን ከባሕር እንጀምር፤ ነገሩ አጥርቶ የታየው እዚያ ነውና። አሜሪካዊው የባሕር ማይክሮባዮሎጂ ሊቅ ክላውድ ዞቤል እ.ኤ.አ. በ1946 ባሳተመው ጽሑፍ፣ ወደ 100 የሚጠጉ የባክቴሪያ፣ የእርሾና የሻጋታ ዝርያዎች ነዳጅ ዘይትን እንደ ምግብ ሊጠቀሙ እንደሚችሉና በተፈጥሮም በየቦታው ተሠራጭተው እንደሚገኙ አስረዳ። ይህ ሊያስደንቀን አይገባም። ድፍድፍ ነዳጅ ፋብሪካ የፈጠረው ነገር አይደለም፤ ከሚሊዮኖች ዓመታት በፊት የሞቱ ሕያዋን ቅሪት ነው። የሰው እጅ ሳይነካውም ከባሕር ወለል ስንጥቆች ሲፈልቅ ኖሯል፤ የሚበሉት ፍጥረታትም አብረውት ኖረዋል። እ.ኤ.አ. በ1998 በጀርመን ይሠሩ የነበሩ ተመራማሪዎች ከሰሜን ባሕር፣ ቦርኩም ከተባለች ደሴት አካባቢ ያገኙትን አንድ ባክቴሪያ አልካኒቮራክስ ቦርኩመንሲስ ብለው ሰየሙት። ይህ ባክቴሪያ ሌሎቹ የሚሻሙበትን ስኳር ትቶ፣ ከሞላ ጎደል በዘይት ውስጥ ባሉት የሃይድሮካርቦን ሰንሰለቶች ብቻ ይኖራል። በንጹሕ የባሕር ውሃ ውስጥ ቁጥሩ እጅግ ጥቂት ነው። ዘይት በፈሰሰ ጊዜ ግን በፍጥነት ተባዝቶ በቦታው ካሉት ዘይት በሊታ ባክቴሪያዎች ትልቁን ድርሻ ይይዛል፤ ዘይቱ ሲያልቅበት መልሶ ይመናመናል። ወደ ቂርቆስ ስንመለስ የምንፈልገው ይህን የመጨረሻውን ነጥብ ነው፤ ጥቂት የነበረው የሚበዛው ምግቡ ሲመጣለትና ሌላው ሁኔታ ሲመቸው ነው።

ዘይት መብላት ግን ቀላል ሥራ አይደለም። ባክቴሪያ ኑሮው ውሃ ውስጥ ነው፤ ዘይቱ ደግሞ ወጥ ላይ እንደሚንሳፈፍ ቅባት ከውሃው ተለይቶ ይቀመጣል። ስለዚህ ባክቴሪያው ሊደርስ የሚችለው የዘይቱ ገጽ ላይ ብቻ ነው። አንድ ሊትር ዘይት እንደ ኳስ ድቡልቡል ብሎ ቢቀመጥ ገጹ ከ500 ካሬ ሴንቲ ሜትር አይበልጥም። ያው አንድ ሊትር ዘይት የሚሊ ሜትር አንድ መቶኛ ስፋት ወዳላቸው ጠብታዎች ቢበታተን ግን የጠብታዎቹ ገጽ ተደምሮ ወደ 600 ካሬ ሜትር ይደርሳል። የዘይቱ መጠን አልተለወጠም፤ ገበታው ግን ከ12 ሺህ እጥፍ በላይ ሰፋ። ባዮሰርፋክታንት የሚባለው ንጥረ ነገር የሚሠራው ይህን ነው። ባክቴሪያው ራሱ የሚሠራው ሳሙና ነው፤ አንዱ ጫፉ ውሃ ይወዳል፣ ሌላው ጫፉ ዘይት ይወዳል፣ ሁለቱን ያያይዝና ዘይቱን ይበታትነዋል። ሱዶሞናስ ኤሩጂኖሳ የተባለው ባክቴሪያ ራምኖሊፒድ የተባለውን እንደሚሠራ እ.ኤ.አ. በ1949፣ ባሲለስ ሰብቲሊስ ደግሞ ሰርፋክቲን የተባለውን እንደሚሠራ እ.ኤ.አ. በ1968 ታወቀ። የንጹሕ ውሃ የገጽ ውጥረት በሜትር 72 ሚሊኒውተን ነው፤ ሰርፋክቲን በጣም በጥቂት መጠን ሲገባበት ወደ 27 ይወርዳል። አልካኒቮራክስም ከስኳርና ከቅባት የተሠራ የራሱ ባዮሰርፋክታንት አለው። ዘይቱ ከተበታተነ በኋላ ባክቴሪያው በኢንዛይም አማካይነት ኦክስጅንን ከዘይቱ ሰንሰለት ጋር ያያይዛል፤ ሰንሰለቱ መጀመሪያ አልኮል፣ ቆይቶም የቅባት አሲድ ይሆናል፤ ከዚያ በኋላ ሌሎች ብዙ ሕያዋን ሕዋሳት ቅባትን በሚያቃጥሉበት መንገድ ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ ወደ ውሃና ወደ አዲስ የባክቴሪያ አካል ይለወጣል። የመጀመሪያው እርምጃ ኦክስጅን እንደሚፈልግ ልብ በሉልኝ፤ ክርክራችን የሚያርፈው እሱ ላይ ነው።

«ይህ ሁሉ ባሕር ላላቸው ነው፤ እኛ ምን አገባን?» የሚል አድማጭ ይኖር ይሆናል። ነዳጃችን በመርከብ ጅቡቲ ደርሶ በቦቴ ተጭኖ የሚመጣ መሆኑን ለጊዜው ልተወው። ትልቁ መልስ ሌላ ነው። ዘይት የመብላት ችሎታ የባሕር ባክቴሪያዎች የብቻ ሀብት አይደለም። ሱዶሞናስ፣ ባሲለስና ሮዶኮከስ የአፈር ነዋሪዎች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመ የኢትዮጵያውያን ተመራማሪዎች ጥናት ናፍጣ የሚያፈርሱ ባክቴሪያዎችን ከሦስት ዓይነት ቦታ ለይቶ አውጥቷል፤ በነዳጅ ከተበከሉ ቦታዎች፣ ከአበባ እርሻዎችና ከስምጥ ሸለቆ የሶዳ ሐይቆች። የሶዳ ሐይቆቹ ነገር ሊታሰብበት የሚገባ ነው። ሻላ፣ አቢጃታና ጪቱ ጨዋማ ናቸው፤ ውሃቸውም ከባሕር ውሃ ይልቅ እጅግ አልካላይን ነው። በዚያ ውሃ ውስጥ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ከሚሠሯቸው ኢንዛይሞች አንዳንዶቹ ሳሙናና ሶዳ ባለበትም ሳይበላሹ ሊሠሩ ይችላሉ። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ ጀምሮ ከእነዚህ ሐይቆች ባክቴሪያዎች እየተለዩ ኢንዛይሞቻቸው ሲጠኑ ቆይተዋል። ባሕር አለመኖሩ እንቅፋት አይሆንብንም፤ ሐይቁም አፈሩም በቂ ባለሙያ ፍጥረታት ይዘዋል።

ታዲያ ባክቴሪያዎቹ በየጋራዡ አፈር ውስጥ ካሉ፣ ዘይቱ ለምን ሃያና ሠላሳ ዓመት ይቆያል? ይህ ጠንካራ ተቃውሞ ነው፤ መልሱም ከአላስካ ይመጣል። እ.ኤ.አ. ማርች 24 ቀን 1989 ኤክሶን ቫልዴዝ የተባለችው መርከብ ፕሪንስ ዊልያም ሳውንድ በተባለው ባሕረ ሰላጤ ከዓለት ጋር ተጋጭታ ወደ 41 ሚሊዮን ሊትር ድፍድፍ ነዳጅ አፈሰሰች። ባለሙያዎች ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ በሚሆን የባሕር ዳርቻ ላይ ባክቴሪያ አልዘሩም፤ የረጩት ናይትሮጅንና ፎስፈረስ ያለበት ማዳበሪያ ነው። በቦታው የነበሩት ባክቴሪያዎች ማዳበሪያውን ባገኙ ጊዜ ዘይቱን የሚያፈርሱበት ፍጥነት በግልጽ ጨመረ። ዘይት በአብዛኛው ካርቦንና ሃይድሮጅን ነው፤ አካል ለመሥራት ግን ናይትሮጅንና ፎስፈረስ የግድ ነው። በዚያው ዳርቻ፣ ከጠጠሩ በታች ተቀብሮ የቀረው ዘይት ግን ከ20 ዓመታት በኋላም ሳይፈርስ ተገኘ። እዚያ አየር አይደርስም ነበር።

ይህን በቁጥር እንየው። 1 ኪሎ ዘይት ሙሉ በሙሉ ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይድና ውሃ እንዲለወጥ 3.4 ኪሎ ያህል ኦክስጅን ይፈልጋል። በአዲስ አበባ ከፍታ 1 ሊትር ውሃ በ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚይዘው ኦክስጅን 7 ሚሊ ግራም ገደማ ነው። ስለዚህ ውሃ በጠጣ፣ አየር በማይገባው አፈር ውስጥ ለ1 ኪሎ ዘይት የግማሽ ሚሊዮን ሊትር ውሃ ኦክስጅን ያስፈልጋል፤ ያ ደግሞ በዓመታት ውስጥም አይገኝም። አፈሩ ተገልብጦ አየር ካገኘ ግን 16 ሜትር ኪዩብ ያህል አየር ይበቃል፤ የአንዲት ጠባብ ክፍል አየር ነው። ናይትሮጅኑም እንዲሁ ከእጅ የማይርቅ ነው። ባለሙያዎች ለ100 እጅ ካርቦን 10 እጅ ናይትሮጅንና 1 እጅ ፎስፈረስ የሚል ልኬት ይጠቀማሉ፤ በዚህ ስሌት ለ1 ኪሎ ዘይት የሚያስፈልገው ዩሪያ 190 ግራም ገደማ ነው፣ ያውም በአንድ ጊዜ ሳይሆን በየጊዜው ተከፋፍሎ የሚጨመር። ገበሬው በየዓመቱ የሚጠቀምበት ማዳበሪያ፣ ፍግም ጭምር፣ ይህን ሥራ ይሠራል። አሁን የእኛን አሠራር ከዚህ ጋር አስተያዩት። ዘይት የጠጣ አፈር ላይ ጠጠር እንደፋለን፣ በሮለር እንጠቀጥቃለን፣ ኮንክሪት ወይም አስፋልት እናለብሳለን። ከላይ ሲታይ ንጹሕ ነው፤ ከሥር ግን አየሩን ዘግተን ዘይቱን ለልጆቻችን አቆይተነዋል።

ሌላው የተለመደ መንገድ ማጠብ ነው። ጋራዥ ውስጥ ዘይት ሲፈስ ሰጋቱራ ይበተንበታል፣ ከዚያ በዱቄት ሳሙና ይታጠብና ወደ ቱቦ ይለቀቃል። ባክቴሪያው በሳሙና ዘይት የሚበታትን ከሆነ፣ እኛስ በሳሙና ብንበታትነው ምን ልዩነት አለው? ልዩነቱ ሁለት ነው። የመጀመሪያው ቦታ ነው። ባክቴሪያው ሳሙናውን የሚያወጣው አጠገቡ ያለውን ዘይት እዚያው ለመብላት ነው፤ በዱቄት ሳሙና የታጠበ ዘይት ግን ሳይበላ ከውሃው ጋር ይሄዳል። ከካዛንቺስ አካባቢ የሚወርድ ጎርፍ ባንትይቀጡና ቀበና ወንዞች ይገባል፤ እነሱ ወደ ትልቁ አቃቂ፣ አቃቂ ወደ አባ ሳሙኤል ግድብ፣ ከዚያም ወደ አዋሽ። በአቃቂ ዳርቻ በዚህ ውሃ ጎመንና ሰላጣ ይለማል፤ ከተማዋ ከምትጠጣው ውሃም ከፊሉ የሚቀዳው ከአቃቂ ጥልቅ ጉድጓዶች ነው። አዋሽ ደግሞ ባሕር አይደርስም፤ አፋር ውስጥ አቤ ሐይቅ ገብቶ ያበቃል፣ ስለዚህ የምንለቅበት ሁሉ እዚያው ተፋሰስ ውስጥ ይቀራል። ሁለተኛው ልዩነት የሳሙናው ጠባይ ነው። እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 20 ቀን 2010 በሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ ዲፕ ዎተር ሆራይዘን የተባለው የነዳጅ መቆፈሪያ ፈንድቶ 11 ሠራተኞች ሞቱ፤ ዘይቱም ለ87 ቀናት ፈሰሰ። ዘይቱን ለመበታተን ወደ 7 ሚሊዮን ሊትር የሚሆን ኮሬክሲት የተባለ ኬሚካል ተረጨ። እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ የላቦራቶሪ ጥናት ግን ኬሚካሉ ባለበት ውሃ ዋነኞቹ ዘይት በሊታዎች ተዳክመው፣ ኬሚካሉን ራሱን የሚበሉ ሌሎች ባክቴሪያዎች ቦታውን እንደያዙ አሳየ። ሌሎች ተመራማሪዎች በዚህ ውጤት ላይ ተከራክረዋል፤ ክርክሩም አልተዘጋም። ለእኛ የሚበቃን ግን ዘይትን መበታተን ብቻውን ዘይትን ማጥፋት አለመሆኑ ነው። ይህ ጥንቃቄ ባዮሰርፋክታንትንም ይመለከታል። ከፋብሪካ ተገዝቶ ያለ ልክ ቢፈስ እሱም ዘይቱን ወደ ከርሰ ምድር ውሃ ሊያወርደው ይችላል። ስለዚህ አፈሩ ከሥሩ ላስቲክ ሳይነጠፍለት ምንም ዓይነት ሳሙና ሊጨመርበት አይገባም።

ከሁሉም የሚከብደኝ ተቃውሞ የብረት ነገር ነው። የተቃጠለ የሞተር ዘይት ዘይት ብቻ አይደለም፤ ከማሽኑ መፋቅና ከተጨመሩበት ኬሚካሎች የመጡ እንደ ዚንክና እርሳስ ያሉ ብረቶችን ይዟል፤ ሞተሩ ውስጥ ሲቃጠልም ካንሰር የሚያመጡ ባለ ብዙ ቀለበት ሃይድሮካርቦኖች ይፈጠሩበታል። ባክቴሪያ ቀለበቶቹን በዝግታም ቢሆን ይሰብራቸዋል፤ ብረትን ግን ማንም ሕያው ፍጥረት ሊያጠፋው አይችልም፤ ወደ ሌላ ነገር የማይፈርስ መሠረታዊ ንጥረ ነገር ነውና። ባክቴሪያ ሁሉን ያነጻል የሚል ሰው ካጋጠማችሁ አትመኑት። ከዚህ የሚከተለው ግን ባክቴሪያውን መተው አይደለም። ናፍጣ ብቻ የፈሰሰበት አፈር በባክቴሪያ ሊድን ይችላል። ለዓመታት የተቃጠለ ዘይት የጠጣ አፈር ግን ዘይቱ ከቀነሰ በኋላም ስለ ብረቱ በላቦራቶሪ መመርመር አለበት፤ ብረቱ ከበዛበትም የልጆች መጫወቻ ወይም የጓሮ አትክልት መትከያ መሆን የለበትም። የተቃጠለውን ዘይት ለካሳፎርማ መቀቢያና ለምስጥ መከላከያ ብለው የሚወስዱትም ይህንኑ ብረት ወደ ሌላ ግቢ እንደሚያዞሩት ቢያውቁ ጥሩ ነው።

«በላቦራቶሪ የተሻሻለ ባክቴሪያ በጠርሙስ ገዝተን ብንረጭስ?» የሚለው ሐሳብ ማራኪ ነው፤ ታሪኩ ግን አይደግፈውም። አናንዳ ቻክራባርቲ የተባለው ሕንዳዊ አሜሪካዊ ሳይንቲስት በርካታ የነዳጅ ክፍሎችን የሚያፈርስ ባክቴሪያ ሠርቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1980 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የፈጠራ መብት እንዲሰጠው ወሰነለት። ውሳኔው የባዮቴክኖሎጂ ሕግን ለወጠ፤ ባክቴሪያው ራሱ ግን የፈሰሰ ዘይት ማጽጃ ሆኖ በሥራ ላይ አልዋለም። እንግዳ ባክቴሪያ በማያውቀው አፈር ውስጥ ብዙ ጊዜ ለነባሩ ይሸነፋል። የቂርቆስን አፈር የሚያውቁት ለዓመታት ያንኑ ዘይት ሲቀምሱ የኖሩት የቂርቆስ ባክቴሪያዎች ናቸው፤ ገንዘቡም ልፋቱም መዋል ያለበት እነሱን ለመመገብ ነው። አሠራሩ ውስብስብ አይደለም። ዘይት የጠጣው አፈር ይቆፈራል፤ ወፍራም ላስቲክ ላይ እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ተዘርግቶ ከፍግ፣ ከገለባና ከጥቂት ዩሪያ ጋር ይደባለቃል፤ እርጥበቱ ይጠበቃል፣ ጭቃ ግን አይሆንም፤ በየሳምንቱም ይገለበጣል። ክረምት ሲገባ ጎርፍ እንዳይወስደው ይሸፈናል። የአዲስ አበባ አየር ቀዝቃዛ ስለሆነ ሥራው ከቆላ ይልቅ ይዘገያል፤ ናፍጣ በወራት ሊቀንስ ሲችል ከባዱ የሞተር ዘይት ከዓመት በላይ ሊወስድ ይችላል። ቦታና ትዕግሥት ይፈልጋል፤ መሐል ካዛንቺስ የመሬት ዋጋ እያለ አፈር ለዓመት ማስጣት እንደማይታሰብ አውቃለሁ። ስለዚህ ማስጫው ከከተማ ወጣ ብሎ ለሁሉም ክፍለ ከተሞች በጋራ መዘጋጀት አለበት።

ባዮሰርፋክታንት በፋብሪካ ማምረትን በተመለከተ፣ ዋናው እንቅፋት ሁልጊዜ ዋጋ ነበር። ባክቴሪያው የሚመገበው ስኳርና ዘይት ውድ ነው፤ ምርቱን ከአረፋው ለይቶ ማጥራትም ወጪ ይጠይቃል። ይህ እየተለወጠ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2024 ኤቮኒክ የተባለው የጀርመን ኩባንያ ስሎቫኪያ ውስጥ ራምኖሊፒድ ከስኳር የሚያመርት ትልቅ ፋብሪካ ሥራ አስጀምሯል። በእኛ አገር ከወንጂ ጀምሮ እስከ ፊንጫ ያሉ የስኳር ፋብሪካዎች ሞላሰስ ያስወጣሉ፤ ባሲለስ ሰብቲሊስ በሞላሰስ አድጎ ሰርፋክቲን እንደሚሠራ በሌሎች አገሮች በተደጋጋሚ ታይቷል። የባክቴሪያው ምርጫ ጉዳይም ቀላል አይደለም፤ ራምኖሊፒድ የሚሠራው ሱዶሞናስ ኤሩጂኖሳ ቁስለኛና አቅመ ደካማ ሰው ላይ በሽታ ያመጣል፣ በሆስፒታልም መድኃኒት በመቋቋም የታወቀ ነው። ባሲለስ ሰብቲሊስ ግን ለጤነኛ ሰው አደገኛ ስላልሆነ፣ ጀማሪ አገር በእሱ ብትጀምር ይሻላታል። ምርቱም ለዘይት ብቻ አይደለም፤ ለሳሙና፣ ለመዋቢያና ለእርሻ ኬሚካል ይገባል። ገበያ ሊይዘው የሚችለውም በእነዚህ በኩል ይመስለኛል።

ሕጉ በእጃችን ነው። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 የበከለ እንዲያጸዳ ወይም የማጽጃውን ወጪ እንዲከፍል ያስገድዳል፤ የአደገኛ ቆሻሻ አያያዝና አወጋገድ አዋጅ ቁጥር 1090/2010ም ወጥቷል። ኢትዮጵያ የገባችበት የባዝል ስምምነትም የተቃጠለ ዘይትን በቁጥጥር ሥር ከሚውሉ ቆሻሻዎች ይመድበዋል። ስለዚህ የከተማው አስተዳደር ጋራዥ የነበረበትን መሬት ለግንባታ ከመስጠቱ በፊት አፈሩን ያስመርምር፤ የግንባታ ተቋራጮችም ጠቁሮ የሚሸት አፈር ሲያገኙ ለብቻው ያስቀምጡት እንጂ ከሌላው ጋር ደባልቀው አይጣሉት። እናንተ መካኒኮችና የጋራዥ ባለቤቶች ደግሞ፣ የተቃጠለውን ዘይት ከቤንዚንና ከውሃ ሳትደባልቁ በርሜል ውስጥ አጠራቅሙ፣ ክዳኑን ግጠሙ፣ ከሥሩም የሚንጠባጠበውን የሚይዝ ትሪ አድርጉለት። ወደ ቱቦ አትልቀቁት።